ለመስገድ ስለሚያፍሩ ሰዎች

ሰውን ከመልካም ሥራ የሚያስቀሩ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ስንፍና አንዱ ነው፤ አለማወቅ ሁለተኛው ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ይልቅ ብዙውን ሰው ከደጅ የሚያስቀር ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም «ሰው ምን ይለኛል» የሚባለው ይሉኝታ ነው። በዚህ ወር የምንመለከተው ይህ ይሉኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስገድ በሚያስቡ ሰዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው።

በሰሙነ ሕማማት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሞ የሚያመነታ ሰው አይታጣም። በትምህርትና በሥራ ምክንያት ከልጅነቱ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የኖረ ሰው ሊሆን ይችላል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ለብዙ ዓመት የቅዳሴ ድምፅ ሳትሰማ የቆየች እኅት ልትሆን ትችላለች። በአሜሪካ ተወልዶ ያደገ፥ ግእዙ ቀርቶ አማርኛውም የሚከብደው ወጣት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ የተጠመቁ ናቸው፤ እምነትም አላቸው። ዳሩ ግን ሕዝቡ በአንድነት ሲወድቅና ሲነሣ ባዩ ጊዜ ልባቸው ይሸበራል። «መቼ እንደምወድቅ መቼ እንደምነሣ አላውቅም፤ አሥር ሳልሞላ ቢደክመኝ መሳቂያ እሆናለሁ» ይላሉ። አንዳንዱም ፍርሃቱን በትሕትና ልብስ ሸፍኖ «እኔ ገና አልበቃሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ አነጋገር ትሕትና ይምሰል እንጂ ትሕትና አይደለም። ጌታችን በምሳሌ የነገረንን ቀራጭ እናስታውስ። ቀራጩ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት እስኪያፍር ድረስ ኃጢአቱ ከብዶት ነበር፤ ይሁን እንጂ ርቆ ቆመ እንጂ ከመቅደስ አልቀረም። ትሑት ሰው ከበር አጠገብ ይቆማል፤ ይሉኝታ የያዘው ግን ጨርሶ ይቀራል። ልዩነታቸው ይህ ነው። የመጀመሪያው የሚያስበው ስለሚሰግድለት አምላክ ነው፤ ሁለተኛው የሚያስበው ስለሚመለከቱት ሰዎች ነው።

ፍርሃትን የሚያርቀው ነገሩን በሚገባ ማወቅ ስለ ሆነ፥ ስለ ሥርዓቱ ጥቂት እንናገር። አባቶቻችን ስግደትን በ3 ዓይነት ከፍለው ያስተምራሉ። ሰጊድ የሚባለው ግንባርን ምድር አስነክቶ መነሣት ነው፤ አስተብርኮ ጉልበትን ማንበርከክ ነው፤ አድንኖ ደግሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። እንግዲህ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌም፥ ነፍሰ ጡር የሆነች እናትም፥ ከአልጋው የማይነሣ በሽተኛም ከስግደት የተለዩ አይደሉም። ራሱን ብቻ ዝቅ ማድረግ የሚችል ሰው ያንኑ ቢያደርግ የድርሻውን አቀረበ እንጂ አጐደለ አይባልም።

በሰሙነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጸሎቱ በ5 ሰዓታት የተከፈለ ነው፤ እነርሱም ነግህ፥ 3 ሰዓት፥ 6 ሰዓት፥ 9 ሰዓትና 11 ሰዓት ናቸው። ከግብረ ሕማማት ንባቡ ከተነበበ በኋላ በየሰዓቱ ፍጻሜ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን እየተባለ ይሰገዳል። ይህ ብቻ ተደምሮ በቀን 205 ይሆናል። አዲስ ሰው ይህን ቍጥር ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ቀን እንዲፈጽም ማንም አያስገድደውም። ከየሰዓቱ 5 ብቻ ሰግዶ የቀረውን ቆሞ ቢጸልይ ጸሎቱ ከሕዝቡ ጸሎት አይለይም።

ቃላቱም እንግዳ ስለሚመስሉ ያስፈራሉ፤ ሆኖም ትርጕማቸው ቀላል ነው። ኪርያላይሶን ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። ታኦስም እንዲሁ የግሪክ ቃል ሆኖ «አምላክ» ማለት ነው። እብኖዲ ናይን የሚለው ከግብጻውያን ክርስቲያኖች ቋንቋ ከቅብጥ የተገኘ ነው፤ «አምላክ ሆይ ማረን» ማለት ነው። ስለዚህ ከነዚህ ቃላት አንዱንም የማያውቅ ሰው በገዛ ቋንቋው «ማረን» ቢል ሕዝቡ የሚለውን አለ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት ምእመናን በመሳሳም ሰላምታ አይሰጣጡም፤ መስቀልም አይሳለሙም። ይህም ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን ለማሰብ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሰላም የሚለው ቢያጣ «ጠሉኝ» ብሎ እንዳያዝን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ደግሞም በዕለተ ዓርብ ማታ ካህኑ የወይራ ቅጠል ይዞ የምእመናንን ጀርባ መታ መታ ሲያደርግና የስግደት ቍጥር ሲሰጥ አይቶ የሚሸሽ አለ። ይህ የጌታን ግርፋት ለማሰብ የሚደረግ እንጂ ለማሳመም የታሰበ አይደለም። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ለካህኑ በግልጽ ቢናገር እንደ አቅሙ ይታዘዝለታል።

ስለ ሥጋም ነገር እንናገር። ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በድንገት መቶ ጊዜ ቢሰግድ በማግሥቱና በ3ኛው ቀን ጭኑ ይዝላል፤ ደረጃ መውረድም ያስቸግረዋል። ይህ ያልለመደ ሥጋ ሁሉ የሚያሳየው ድካም ስለ ሆነ በጥቂት ቀን ያልፋል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ በቤቱ 3 ወይም 7 በመስገድ የጀመረ ሰው ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ጉልበቱ ለምዶ ይገኛል። ቍጥሩን ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ቢወስን ይሻላል። ሲሰግድም ራሱን በኃይል አይጣል፤ ጉልበቱን በቀስታ አጥፎ፥ መዳፎቹን በምድር አሳርፎ ግንባሩን ያስነካ። ሲነሣም አንዱን እግር አስቀድሞ በዝግታ ይነሣ። በጾም የዋለ ሰው ፈጥኖ ሲነሣ ዓይኑ ሊጨልምበት ይችላልና። ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚያዞረው ቢኖር ወዲያው ዐርፎ ይቀመጥ፤ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የማይሰገድባቸው ቀኖች መኖራቸውንም ማወቅ ይገባል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በዕለተ እሑድና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች ምእመናን ቆመው እንዲጸልዩ ወስነዋል። ቅዱስ ቍርባን የተቀበለ ሰውም በዚያ ቀን አይሰግድም። እነዚህ ቀኖች የደስታ ናቸው።

አሁን ቃላችን ወደ ነባሮቹ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ አዲሱን ሰው የሚያስፈራው ስግደቱ ሳይሆን የእኛ ዓይን ነው። አንዱ ዘግይቶ ሲወድቅ ዞሮ የሚያይ፥ የነጠላዋን አለባበስ አይቶ በጆሮ የሚንሾካሾክ፥ «ይህ ደግሞ ዛሬ ከየት መጣ» የሚል ሰው የራሱን 205 ስግደት ቢፈጽም እንኳ ወንድሙን ከደጅ መልሷልና ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ አባት ሆይ፥ ልጅህ በቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰግድ ተሳስቶ ብታየው አትሣቅበት፤ ከአጠገቡ ቆመህ አብረኸው ስገድ። እናት ሆይ፥ ከስደት የተመለሰች ልጅሽን ብቻዋን አትላኪያት፤ ይዘሻት ሂጂ፤ ከሴቶች መቆሚያ በስተ ዳር ምንጣፍ አንጥፈሽ ከጐንሽ አቁሚያት። የሚወድቁበትንና የሚነሡበትን ጊዜ ከቃል ይልቅ ከጐኗ የቆመችው እናቷ ታስተምራታለች።

ከደጅ ቆመህ ለምታመነታውም ወንድማችን የምንነግርህ ይህን ነው። ለመስገድ የወደቀ ሰው ግንባሩ ምድር ሲነካ ጐረቤቱን አያይም፤ ጐረቤቱም አያየውም። በዚያች ቅጽበት የሚያይህ አንድ እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱም በጌቴሴማኒ በፊቱ ወድቆ የጸለየ ስለ ሆነ የሰውን ድካም ያውቃል። በ11 ሰዓት ለመጡት ሠራተኞች ሙሉ ደመወዝ የከፈለ ጌታ ዘግይተህ መጣህ ብሎ አይመልስህም። እንግዲህ ግባ፤ አንድ ጊዜ ስገድ። ሁለተኛዪቱ ከመጀመሪያዪቱ ትቀላለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።