ጀሪካኑን እኛ እንያዝላት

አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ለማህፀን መውጣት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ የሚነግራት ደግሞ ይኼን ነው፦ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ ከቻልሽ እስከ ሦስት ወር፣ ከ5 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር እንዳታነሺ። "እሺ" ትላለች። ከዚያ አገሯ ትገባለች። ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር ነው፤ ማገዶው ጫካ ነው፤ ሊጡ ቦክቷል፤ እንግዳም ይመጣል። ሳምንት ሳይሞላት እንስራው ጀርባዋ ላይ ይወጣል።

የሐኪሙ ሥራ በአንድ ሁለት ሰዓት ያልቃል። የቀረው የሦስት ወር ሥራ የኛ ነው፤ የእድርተኛው፣ የማኅበርተኛው፣ የባል፣ የወንድ ልጅ፣ የነፍስ አባት፣ ከሩቅ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ሁሉ። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ነው። ለታማሚዋ "ተጠንቀቂ" የሚል ምክር ሞልቷል፤ እሷ ስትጠነቀቅ ውሃውን ማን እንደሚቀዳላት የሚነግራት ግን የለም።

ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና የትልቁን አንጀት ጫፍ ከሥር ደግፈው የያዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች አሉ። የተራዘመ ምጥ፣ በላይ በላዩ መውለድ፣ ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ሸክም መጀመር፣ ለዓመታት የዘለቀ ሳልና የሆድ ድርቀት፣ ዕድሜም ራሱ ያላሏቸዋል፤ ያኔ ማህፀኑ ወደ ታች ይወርዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የገጠር ሴት በአማካይ ከአምስት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር፤ በአገሪቱ በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26ቱ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ይህ ሕመም ብርቅ ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ ቁልቁል የሚጎትት ክብደት ይሰማታል። እየቆየ በብልቷ በኩል በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይመጣል፤ በመጨረሻው፣ በአራተኛው ደረጃ፣ ማህፀኑ ከነአካቴው ከሰውነቷ ውጭ ይውላል። ስትቀመጥ ይጫናታል፤ ስትራመድ ከልብሷ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል፤ ሽንቷ አንዴ እምቢ ይላታል፣ አንዴ ያመልጣታል። ይህን ሁሉ ይዛ እንጀራ ትጋግራለች፣ ገበያ ትውላለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ጎረቤቷ የምታውቀው "ወገቤን ያመኛል" ማለቷን ብቻ ነው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊስቱላና የማህፀን መውጣት ታካሚዎች ለምን ዘግይተው እንደመጡ ተጠንቶ ነበር። ጎልተው የወጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ መገለልን ፈርቶ አለመናገርና ገንዘብ ማጣት። የትኛውንም ቢሆን የሐኪም ምላጭ አያወጣውም። መንደር ግን ሁለቱንም ማንሳት ይችላል።

የጓዳ ምሥጢር የነበረ ሕመም ወደ አደባባይ ወጥቶም ያውቃል። ፊስቱላ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት እንዲሁ የጓዳ ምሥጢር ነበር። ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከከፈቱ በኋላ ነገሩ በአደባባይ መነገር ጀመረ። ዛሬ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ ቅርንጫፎች አሉት፤ ማህፀን የወጣባቸውን ሴቶችም ያክማል። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቻችንም ይህን ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ፊስቱላ ስም፣ ገንዘብና ተሟጋች ያገኘው ሰው ስለጮኸለት ነው። የማህፀን መውጣት በብዙ እጥፍ የበዙ ሴቶችን ይዞ እስካሁን ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚጮህለት አላገኘም።

ኔፓልን እንይ። እንደ እኛው ተራራማ፣ ሴቷ እንደ እኛው ሸክም የምትሸከምበት አገር ነው። እዚያ ጉዳዩ ከጓዳ ወጥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ የሴቶችን የሥነ ተዋልዶ ጤና መብት የሚመለከት ነው ብሎ ለመንግሥት ትእዛዝ ሰጠ። የነፃ ቀዶ ሕክምና ዘመቻም ተካሄደ። አሜሪካም ውስጥ በብልት በኩል የሚገባው ሰው ሠራሽ መረብ የጎዳቸው ሴቶች አንድ ላይ ቆመው አቤት አሉ፤ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪውም ለዚህ ሕመም እንዳይሸጥ በ2019 እ.ኤ.አ. አገደው። (በነገራችን ላይ "በኦፕራሲዮኑ መረብ ነው የሚያስገቡብሽ" እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ። በራሷ ጅማትና ሥጋ የሚጠገንበት መንገድ አለ፤ ሐኪሟን በየትኛው እንደሚሠራላት ትጠይቅ።)

ስለ ቀዶ ሕክምናው ያለው ፍርሃት በጨለማ ስለተተወ ነው የገዘፈው፤ ስለዚህ በቡና ላይ እናውራው። ሁሉም ሴት ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ገና ሲጀምር የዳሌ ሥር ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይረዳል፤ ፔሳሪ የሚባል ከውስጥ የሚደግፍ የሲሊኮን ቀለበትም አለ። ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ ደሟ፣ ግፊቷና ስኳሯ ይታያል፤ ቁስል ካለ አስቀድሞ ይታከማል። አብዛኛውን ጊዜ ወገቧ ላይ በሚሰጥ መርፌ ከታች ያለው አካሏ ይደነዝዛል፤ ሆዷ አይቀደድም፤ ሥራው በብልቷ በኩል ያልቃል። አንዳንዴ ማህፀኑ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ክፍል ከውስጥ ካለ ጠንካራ ጅማት ጋር ይሰፋል፤ አንዳንዴ ማህፀኑ ሳይቆረጥ ወደ ቦታው ተመልሶ ይታሰራል። ገና መውለድ የምትፈልግ ከሆነች ይህን ከመተኛቷ በፊት መናገር አለባት። ማህፀን ቢወጣም ሴትነቷ አብሮ አይወጣም፤ ትዳሯም እንዳለ ነው። የሽንት ቱቦውና ፋሻው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይወጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ወደ ቤቷ ትሸኛለች።

ከባዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከውስጥ የተሰፋው አካል እንደ አዲስ ምርጊት ነው፤ ከላይ ቢደርቅም ውስጡ ገና እርጥብ ነው። እንስራ፣ ጀሪካን፣ የእንጨት ሸክም፣ ሙቀጫ፣ ጋን፣ ሌላው ቀርቶ አራት ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ ሲነሳ የሆድ ግፊት በቀጥታ እዚያ ስፌት ላይ ያርፋል። ድርቀት ይዟት ስታምጥም እንዲሁ። ጠያቂ ሆይ፣ ቅቤ በቅቤ የሆነ ምግብ ብቻ ተሸክመህ አትምጣ፤ ጎመን፣ ፍራፍሬ፣ የተልባ ውሃ ይዘህላት ና። የሚያስላት ከሆነ ጭስ የሞላው ማጀት ውስጥ አታስቀምጧት።

ይህን የምጠይቀው ጨርሶ የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። አራስ እንዴት እንደምትያዝ ከኛ በላይ ማን ያውቃል? "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለን እንገባለን፤ ገንፎ እናገነፋለን፤ ውሃዋን እንቀዳለን፤ ስትነሳ "ተኚ!" ብለን እንቆጣታለን። ያቺው ሴት፣ በነዚያ ወሊዶች የተጎዳውን አካሏን አስጠግና ስትመለስ ግን "ሐኪም ቤት ደርሳ መጣች" እንላለን፤ በማግስቱ ማጀት ትገባለች። ሁለተኛ አራስነት ይገባታል። ሙሉውን ሦስት ወር።

የእድር ዳኞች፣ መጀመሪያ ወደ እናንተ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ቀባሪ ያሰልፋል፣ ለሐዘንተኛው ምግብ ያደርሳል፤ በአንዲት የጡሩምባ ድምፅ መንደሩን ያነሳል። ይህን ያህል አቅም ያለው ማኅበር በሕይወት ላለች አባሉ ውሃ ለማስቀዳት ምን ያንሰዋል? ደቦውና ወንፈሉም ለአጨዳና ለውቂያ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። አሥር ቤት ቢሰባሰብ በየቤቱ የሚደርሰው ተራ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ነው።

ወንድ እንስራ አዝሎ ከምንጭ ቢወጣ የሚሳቅበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። ሳቁ እስኪቆም መጠበቅ ግን አንችልም፤ የሷ ስፌት አይጠብቅም። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ አህያ ለነዳ ወንድ የሚስቅ የለም። እድሩ አንድ አህያ ይግዛ፤ መንገዱ ደልዳላ ከሆነ የእጅ ጋሪ ያሠራ። ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴት በተራ ትጠቀምበት፤ በሌላው ጊዜ እየተከራየ ለእድሩ ገቢ ያስገባ። ከቨርጂኒያም፣ ከቴል አቪቭም፣ ከሪያድም ለመንደራችሁ ማኅበር የምታዋጡ ልጆች፣ ለበዓል ድግስ ከምትልኩት ላይ ቀንሳችሁ ለዚህች አህያ ላኩ። አንድ ነገር ደግሞ ከገንዘብ በፊት፦ ደውላችሁ እናታችሁን ጠይቋት። "ደህና ነሽ?" ብትሏት "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሷ። ሴት ልጇ ሆና "እማዬ፣ ከታች የሚወርድብሽ ነገር አለ?" ብላ ቀጥታ የጠየቀቻት ጊዜ ግን ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም መልስ ነው። በዚያው ሰሞን የትራንስፖርቱን ላኩላት፤ አጅቧት የሚሄድም ሰው ፈልጉ።

ባል ሐኪሙ ሲያሰናብታት አብሮ ይግባ። ለስድስት ሳምንት ግንኙነት እንደማይፈቀድ ከሷ አፍ ሳይሆን ከሐኪሙ አፍ ይስማ፤ በሷ ላይ ብቻ ከተጣለ "እምቢ አለችኝ" ይሆናል። ትኩሳት ከያዛት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ከመጣ፣ ሽንት ከከለከላት፣ አንድ እግሯ አብጦ ካመማት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ማድረስ የሱ ኃላፊነት ነው። እሱ ከሌለ ማን እንደሚወስዳት አስቀድሞ ይወሰን።

የነፍስ አባቶች፣ የናንተ አንድ ቃል ከሐኪሙ ምክር ይልቅ ልቧ ውስጥ ትቀመጣለች። ጸበልና ሕክምና እንደማይጣሉ ንገሯት። በዐቢይ ጾም ወድቃ እየተነሳች እንዳትሰግድ ራሳችሁ ፍቱላት፤ እናንተ ካልፈታችሁላት ስፌቷ ቢፈታም ትሰግዳለች። ሙስሊም እህቶቻችንም የታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደለት ከኢማማቸው ቢሰሙ ልባቸው ያርፋል።

ከተማ ያላችሁ፣ ይህ የገጠር ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ፋብሪካ ውስጥ ጥቅል ጨርቅ የምታነሳ፣ ሆቴል ውስጥ ፍራሽ የምትገለብጥ፣ ግንባታ ቦታ ባሬላ የምትሸከም ሴት አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እያገኘ እንዲያርፍ ይፈቅዳል። ሦስት ወር ማለት ነው፤ ለዚህች ሴት ልክ የተሰፋላት ይመስላል። የጎደለውን ግማሽ ደመወዝ ግን የሥራ ባልደረቦቿ እቁብና የሠራተኛ ማኅበሯ ይሙሉት። ስትመለስም ቀለል ያለ ሥራ ላይ እንድትመደብ ማኅበሩ አብሯት ይሟገት።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ጥሪውን የሰማ መንደር በቅንነት ተነሥቶ "ማህፀን የወጣባት ማን ናት?" እያለ ቤት ለቤት እንዳይዞር። ስለ በሽታው በአደባባይ መነጋገር አለብን፤ የታመመችዋን በአደባባይ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ምሥጢሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትያዘው፤ ሪፈራሉንም እሷ ታመቻች። የእድሩ ደንብ ደግሞ የበሽታ ስም አይጥራ። "ቀዶ ሕክምና ያደረገች ማንኛዋም ሴት ለሦስት ወር ውሃና ማገዶ በእድሩ ይሟላላታል" ይበል፤ በቃ። በቀዶ የወለደችውም፣ የፊስቱላዋም፣ እንቅርት ያስወጣችውም በዚሁ ትካተታለች። የትኛዋ እንደሆነች ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ እሷም ውሃ ለማግኘት ስትል ገመናዋን አትከፍትም።

የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ወር ሳይሞላ ነው። ሒሳቡ ተነቦ፣ ቅጣቱ ተነግሮ፣ ዳኛው "ሌላ የሚነሳ አለ?" ሲል ሰው ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ያኔ እጅ አውጡ። ብቻችሁን አትሁኑ፤ አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ሰው አነጋግሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የተከበሩ ሽማግሌ ቢሆኑ ይመረጣል። አንቀጹን ጽፋችሁ ያዙ፤ የአህያውን ዋጋ ከገበያ ጠይቃችሁ ሂዱ። "ወጪው ይበዛል" ለሚል ሰው ቁጥሩን አሳዩት። "ይኼ የሴቶች ነገር ነው" ብሎ የሚነሳ ካለ፣ ዛሬ ጠዋት የጠጣውን ውሃ ማን እንደቀዳው ጠይቁት፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበት።