ዕጢው ወጣ፤ ንፍፊቶቹስ ተቆጠሩ?



ይህ ጽሑፍ በተለይ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከፋርጣ እናት አባታችሁን ደብረ ታቦር አምጥታችሁ ለምታሳክሙ ልጆች ነው።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲያልቅ ቤተሰብ የሚጠይቀው "ዶክተር፣ ሁሉም ወጣ?" ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ "ስንት ሊምፍ ኖድ ታየ? ስንቱ ላይስ ካንሰር ተገኘ?" የሚለው ነው።

ሊምፍ ኖድ ማለት ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ነው። አንጀትን በያዘው ስብ ውስጥም አለ፤ አንዳንዱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ካንሰሩ ከአንጀት ሲሻገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ስለዚህ አንጀቱ ከነስቡ ይወጣል፤ የፓቶሎጂ ባለሙያው ስቡን እየዳሰሰ ይለቅማቸውና በማይክሮስኮፕ ያያቸዋል።

ቢያንስ 12 መታየት አለባቸው። 4 ብቻ ታይተው "ንጹህ ነው" ቢባል አያስተማምንም፤ ካንሰሩ ያለው ባልታየው አምስተኛው ላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ላይ እንኳን ከተገኘ፣ ወደ ሩቅ አካል ካልተሰራጨ፣ ደረጃ 3 ይባላል። ለዚህ ደረጃ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ መስጠት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመከራል፤ በሽታው የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል። ጊዜ ግን አይሰጥም፤ በ8 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል።

በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። በሬ ተሽጦ ለቀዶ ሕክምናው ይከፈላል፤ ፓቶሎጂ ሲባል "ወጥቶ የለ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል?" ይባላል። ኧረ ተው! ቀጣዩን ሕክምና የሚወስነው እሱ ነው።

ስለዚህ፦

👉 የወጣው በሙሉ ይላክ። ቁራጭ ብቻ አይበቃም።

👉 ናሙናውን የምትወስዱት እናንተ ከሆናችሁ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። በውሃ ወይም በደረቁ ከቆየ ይበላሻል።

👉 ውጤቱ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ። የታየው ከ12 በታች ከሆነ "ስቡ እንደገና ይታይልን?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨረር ለወሰደ የፊንጢጣ ካንሰር ታካሚ ግን ቁጥሩ ማነሱ የተለመደ ነው።

👉 ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ስትባሉ ይጠየቃል።

ለሙያ አጋሮቼም፦ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን ብቻ አንተወው፤ ለቤተሰቡ በሚገባው አማርኛ እንንገረው።

ሕመምተኛ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።