የቤተሰብ ጉዞ ሲታቀድ ልጆችም ይጠየቁ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤት እረፍት ከቤተሰቤ ጋር ወደ ምዕራብ ሸዋ ተጉዘን ነበር። ዕቅዳችን ከአዲስ አበባ ተነስተን አምቦ ማደር፣ በማግስቱ ወንጪን ማየት፣ ከዚያም ጉደር የሚኖሩትን የልጆቼን አያት መጠየቅ ነበር። ዕቅዱን ያወጣነው እኔና ባለቤቴ ነን። ሻንጣውን ያዘጋጀነውም እኛው ነን። ልጆቹ የሰሙት ልንነሳ አንድ ሌሊት ሲቀረን ነው፤ ድንገት ብንነግራቸው የበለጠ ደስ ይላቸዋል ብለን።

ወንጪ ላይ የጠዋቱ ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር። የ10 ዓመቷ ልጄ ከሐይቁ ወደ ላይ ዳገቱን ስትወጣ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ። አስም አለባት። «ፓፍ» የምንለውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒቷን ብፈልግ ሻንጣው ውስጥ የለም። አዲስ አበባ፣ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። እኛ ወላጆቿ «ከተነሳባት ቆይቷል» ብለን ረስተነዋል። እሷ ግን ከጉዞው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተጠቅማበታለች። ወደ አምቦ ተመልሰን ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ ያለፈውን ሰዓት መቼም አልረሳውም። ደግነቱ ተረፈች። ማታ አረፍ ስንል «ለምን አልነገርሽንም?» ብዬ ጠየቅኋት። መልሷ አጭር ነበር፤ «ማን ጠየቀኝ?»

ውድ አንባቢ፣ የዛሬውን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ መልስ ነው። ልጆችን በጉዞ ዕቅድ ማሳተፍ ሲባል ብዙዎቻችን እንደ ቅንጦት፣ እንደ «ዘመናዊ አስተዳደግ» እናየዋለን። እኔ ግን የጤና ጉዳይ ነው እላለሁ። ልጅዎ ስለ ራሱ ሰውነት የሚያውቀው፣ እርስዎ የማያውቁት ብዙ ነገር አለ። ያንን ሳይሰሙ መንገድ መጀመር የሕክምና ካርድ ሳያዩ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ልጅ ምን ያውቃል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ እውነትነት አለው። የጉዞውን ወጪ፣ ቀኑንና የመንገዱን ደኅንነት ልጅ አይወስንም። ነገር ግን ማቡካትና መጠየቅ ለየቅል ናቸው። ልጅዎን መጠየቅ ማለት ውሳኔውን ለእሱ አሳልፎ መስጠት ሳይሆን ከመወሰንዎ በፊት እሱ ዘንድ ያለውን መረጃ መውሰድ ነው።

ምን መረጃ አለው ቢሉ፣ የትኛው መቀመጫ ላይ እንደሚያጥወለውለው ያውቃል። የትኛው ምግብ ሆዱን እንደሚነፋው ያውቃል። የማያውቀው ሽንት ቤት መግባት እንደሚፈራና በዚህም ምክንያት ውኃ እንደማይጠጣ ያውቃል። ውኃ ውስጥ መግባት እንደሚፈራ፣ ወይም በተቃራኒው መዋኘት ሳይችል ለጓደኞቹ «እችላለሁ» እንዳለ ያውቃል። እነዚህን ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። ብዙ ጊዜ የጠባይ መበላሸት የሚመስለን ማኩረፍ፣ አልበላም ማለትና ማልቀስ ቀድሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ነው።

ነገሩ በሕግም መሠረት አለው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ላይ፣ ሕፃናት በሚመለከቷቸው ጉዳዮች ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው፣ ለሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ተገቢው ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ይህንን ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። ይህ መብት ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የሚጀምረው ከቤት ነው።

የግማሽ ሰዓት ውይይት

ለዚህ ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም። ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ፣ ከዚያም ጉደር የሚያደርሰውን መስመር ልጆቹ ራሳቸው ይሳሉት። አምቦ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ጉደር ደግሞ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። የት ላይ ወርደን እግራችንን እናፍታታ? የት ውኃ እንጠጣ? የት ሽንት ቤት እንግባ? ልጆቹ መልሱን በሥዕላቸው ላይ ያስፍሩት።

ድርሻው እንደ ዕድሜያቸው ይለያይ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ሁለት ምርጫ ይበቃል፤ «ቀዩን ሹራብ ወይስ ሰማያዊውን?» ብርድ መኖሩን ግን እርስዎ ይወስኑ። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉት የራሳቸውን ቦርሳ ዝርዝር ይጻፉ፤ የውኃ ኮዳ፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስ። ከ10 ዓመት በላይ የሆኑት መንገዱን፣ ሰዓቱንና የወጪውን ግምት አብረው ያስሉ። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ ሲከትቱ አብሮ ይይ። መጨረሻ ላይም «እኛ የረሳነው ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከሁሉም ጥያቄዎች የሚበልጠው ይህ ነው።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ላለች ልጅ የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ በእናት ወይም በታላቅ እህት በኩል ለብቻዋ ይሁን። የወር አበባዋ ጊዜ ከጉዞው ጋር ይገጥም እንደሆነ በሰው ፊት አትናገርም። ሳትዘጋጅ ብትሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ተጨንቃ፣ ውኃ ሳትጠጣ፣ ከመኪና ሳትወርድ ትውላለች። ንጽሕና መጠበቂያ መያዝና ንጹሕ ሽንት ቤት ያለበትን ማረፊያ ቀድሞ ማወቅ ይህንን ጭንቀት ያስቀራል።

በመንገድ ላይ

በመኪና ጉዞ ማጥወልወልና ማስመለስ በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ምክንያቱ ዓይንና የውስጥ ጆሮ ለአንጎል የሚያቀብሉት መልእክት አለመጣጣሙ ነው። ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ዓይኑ «ተቀምጫለሁ» ሲል ጆሮው «እየተጓዝኩ ነው» ይላል። ስለዚህ ስልኩ ይቅር፤ ልጁ በመስኮት አሻግሮ ራቅ ያለውን ተራራና ሜዳ ይይ። ከመነሳቱ በፊት ባዶ ሆዱን አይሁን፤ ቅቤ የበዛበት ፍርፍርም አይብላ። ዳቦ፣ ሙዝና ትንሽ ውኃ ይበቃዋል። በሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ የምትሄዱ ከሆነ መናኸሪያ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ከኋላው ወንበር ይልቅ መሐል ላይ፣ በመስኮት በኩል ያስቀምጡት። የማስመለሻ መከላከያ መድኃኒት ግን ባለሙያ ሳያማክሩ ለልጅ አይስጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው። በግል መኪና ሲሄዱ ልጅዎን ከፊት ወንበር ላይ፣ ይልቁንም ጭንዎ ላይ፣ አያስቀምጡት። ከኋላ፣ ለቁመቱና ለክብደቱ በሚሆን መቀመጫ ወይም ቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ልጆች መሳተፋቸው ትልቅ ጥቅም አለው። «ቀበቶ ተቆጣጣሪ» ተብሎ የተሾመ የ8 ዓመት ልጅ አባቱ ራሱ ሳያስር መኪናው እንዳይነሳ ሲያደርግ አይቻለሁ።

ወንጪ፣ አምቦና ባኮ

ምዕራብ ሸዋና አካባቢው ከፍታው ብዙ ዓይነት ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የወንጪ ተራራ ጫፍ ግን ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ ብርዱ ይበረታል፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፤ ራስ ምታትም ሊመጣ ይችላል። አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ቀዝቃዛ አየርና ዳገት አንድ ላይ ሲመጡ ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ልጆቹ ይህንን ቀድመው ይወቁ። «ሲደክምህ ንገረኝ፣ ማንም አይስቅብህም» ይበሉት። ወንዶች ልጆች በተለይ ጀግና ለመምሰል ሲሉ ድካማቸውን ይደብቃሉ። ፈረስ መቀመጥ የፈራ ልጅም አይገደድ።

አምቦ ሲባል ልጆች ቀድሞ የሚታያቸው መዋኛው ነው። መስጠም በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ያለ ጩኸትም ይከሰታል። ከመሄዳችሁ በፊት ሕጉን ከልጆቹ ጋር አብራችሁ አውጡ፤ ያለ አዋቂ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ወለሉ የማይታይ ከሆነ ከአዋቂ ክንድ አይራቅም፤ መዋኘት የማይችል «አልችልም» ይላል። አብሮ ያወጣውን ሕግ ልጅ ከተጫነበት ሕግ የበለጠ ያከብራል።

ስለ አምቦ ውኃ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አንዳንድ ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን፣ ማለትም ኦ.አር.ኤሱን፣ «ለሆድ ጥሩ ነው» ብሎ በአምቦ ውኃ ይበጠብጠዋል። ይህ ስሕተት ነው። የራሱ ማዕድንና ጋዝ ያለው ውኃ የንጥረ ነገሩን መጠን ያዛባል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በታሸገ ተራ ንጹሕ ውኃ፣ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይበጠብጡት። ለጨቅላ ሕፃን የዱቄት ወተትም እንደዚሁ።

ጉዟችሁ ከጉደርና ከጌዶ አልፎ ወደ ባኮ ከሆነ ቦታው ቆላማ ነው፤ የወባ ትንኝ ስጋት አለ። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ነው። አጎበር ይያዙ። ለልጆቹም «ከተመለስን በኋላም ትኩሳት ከተሰማችሁ ወዲያው ንገሩን» በሏቸው። ምልክቱ ከጉዞው ሳምንታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ባኮ እንደነበራችሁ መናገር አትርሱ።

በአያት ቤት

ብዙዎቻችን ወደ ምዕራብ ሸዋ የምንሄደው ዘመድ ልንጠይቅ ነው። ልጆቼ አያታቸውን በኦሮምኛ «አኮ» ነው የሚሏቸው። አኮ ለልጅ ልጆቻቸው ያላቸውን ሁሉ ያቀርባሉ፤ ጨጨብሳው፣ ጭኮው፣ እርጎው፣ ገና ከላም የታለበው ወተት። ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳን፣ ብሩሴሎሲስንና ሌሎች በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ልጁን መሐል ላይ አይተዉት። «አልጠጣም» ካለ ያሳፍረናል፣ ከጠጣ ያሰጋናል። ቤት ሳላችሁ ምን እንደሚል አብራችሁ ተለማመዱ፤ «አኮ፣ ፈልቶ ቢሆን ደስ ይለኛል» ይበል። እርስዎም ቀድመው ስልክ ደውለው አያትየውን በአክብሮት ያስረዱ። በጨዋ አንደበት የተጠየቀች አያት አትቀየምም።

የግቢውም ውሻ አለ። የከተማ ልጅ ውሻ ሁሉ የሚዳሰስ ይመስለዋል። የማያውቀውን ውሻ እንዳይነካ፣ ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ግን «ይቆጡኛል» ብሎ እንዳይደብቅ ይንገሩት። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ የተደበቀ ንክሻ ከንክሻው ራሱ ይከፋል።

የልጅ ድርሻና የወላጅ ድርሻ

«እኛ የምንሄደው ለቅሶ ልንደርስ ነው፤ ምኑን እንጠይቃቸዋለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ሁሉም ጉዞ የሽርሽር አይደለም፤ አንዳንዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚነሱበት ነው። ያኔም ቢሆን ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አይጠፋም፤ የሚያምህ ነገር አለ? መድኃኒትህ የት ነው? የምትፈራው ነገር አለ? ገንዘብም አይጠይቅም።

ከጠየቁ በኋላ ግን ምክንያቱን ሳይነግሩ መልሱን አይጣሉት። የሚቻለውን ያድርጉ፤ የማይቻለውን «ይህ የማይሆነው ለዚህ ነው» ብለው ያስረዱ። ተጠይቆ ሁልጊዜ ችላ የሚባል ልጅ ሁለተኛ አይናገርም፤ ዝም ካለ ደግሞ የሚያመውንም አይነግርዎትም። በመጨረሻም በወረቀቱ ላይ የድንገተኛ ስልኮችን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ከእነሱም ጋር የእናትና የአባት ቁጥር። ትልቁ ልጅ በቃሉ ይያዘው።

ዘንድሮ ወደ ጉደር ስንዘጋጅ ዝርዝሩን የጻፈችው ልጄ ናት። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ፓፍ፣ ሁለት፤ አንዱ በእኔ ኪስ፣ አንዱ በእማዬ ቦርሳ» ይላል። ሁለት ይያዝ የሚለው ሐሳብ ለእኔም ለባለቤቴም አልመጣልንም ነበር። እናንተም የሚቀጥለውን ጉዟችሁን ከማቀዳችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጠይቁ።

መልካም ጉዞ።