ያልመጣው ተጋጣሚ

ሻምፒዮን የሚመዘነው ባሸነፈው ሰው ነው። የቦክስ ወዳጆች ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ተክነውበታል፤ ማን ማንን ገጠመ፣ ያን ጊዜ ተሸናፊው ዕድሜው ስንት ነበር፣ ከዚያ በፊት ማን ጥሎት ነበር እያሉ ሲከራከሩ ያድራሉ። በኢትዮጵያ ይኸው ክርክር የሚነሣው በኳስ ነው። ሰሞኑንም እንደ ልማዱ ተነሥቷል፦ ኢትዮጵያ በ1962 የወሰደችው የአፍሪካ ዋንጫ አራት ቡድን ብቻ የተሰለፈበት ስለሆነ እንደ ዋንጫ ሊቆጠር አይገባም የሚል። በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርብ ወሬ ነው፤ መልሱን ከቦክስ መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1962 ዓ.ም. ሌላ አገር ዋንጫ የወሰደበት ዓመት ነው፤ እሱም ይመጣል።)

ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ማዕረጉን 25 ጊዜ አስከብሯል፤ በዚህ ሚዛን እስካሁን የደረሰበት የለም። በ1940 መጨረሻና በ1941 መጀመሪያ በየወሩ አንድ ሰው እየቀረበለት ይጥል ስለነበር የአሜሪካ ጋዜጠኞች በተጋጣሚዎቹ ይቀልዱ ነበር፤ የዚህ ወር ተረኛ ማን ነው እያሉ። ከተረኞቹ መጨረሻ በሰኔ 1941 የቀረበው ቢሊ ኮን ነበር። በክብደት ከሉዊስ በብዙ ያንሳል፤ ሆኖም እስከ 12ኛው ዙር በሁለት ዳኞች ነጥብ ሲመራ ቆይቶ በ13ኛው ተዘረረ። ሉዊስ በንግሥናው ዘመን ከተፈተነባቸው ምሽቶች ከባዱ የሚገኘው ከተናቁት ግጥሚያዎች ተርታ ነው።

ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ በ1956 ጓንቱን ሰቀለ። የሚያጣጥሉት ዕድሜ ይቆጥሩበታል፦ በ1951 ሲጥለው ጆ ሉዊስ 37 ዓመቱ፣ በ1952 ቀበቶውን ሲያስረክበው ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38፣ የመጨረሻው ተጋጣሚው አርቺ ሙር ደግሞ ወደ 40 የተጠጋ። ቆጠራው ልክ ነው። ማርሲያኖ ግን የነገሠበትን ዘመን አልመረጠም፤ የዘመኑ ምርጦች እነሱ ነበሩ፣ እነሱንም ገጠመ።

መሐመድ ዓሊ ሌላውን ስሌት ያፈርሳል፤ እገሌ እገሌን ከጣለ፣ እገሌም እገሌን ከጣለ የሚለውን። ጆ ፍሬዚየር በ1971፣ ኬን ኖርተን በ1973 ዓሊን አሸንፈዋል። ጆርጅ ፎርማን ሁለቱንም በሁለት ሁለት ዙር ብቻ ጨረሳቸው፤ ፍሬዚየርንማ ስድስት ጊዜ ከመሬት አገናኝቶታል። በዚህ ሒሳብ በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ላይ ዓሊ መትረፍ አልነበረበትም። ፎርማን በ8ኛው ዙር ተዘረረ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ስለተገጠሙት አይደለም፣ ስላልተገጠሙት ነው። ከ1882 እስከ 1892 የነገሠው ጆን ሱሊቫን ጥቁር አልገጥምም ብሎ ፒተር ጃክሰንን ሳይገጥም ዘመኑን ጨረሰ። ይኸው ጃክሰን በ1891 ከጄምስ ኮርቤት ጋር 61 ዙር ተቧቅሶ ያለ አሸናፊ ተለያይቷል፤ በዓመቱ ሱሊቫንን ጥሎ ሻምፒዮን የሆነው ኮርቤት ነው። ጃክ ጆንሰን በ1908 ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ግን እሱም ሳም ላንግፎርድን ቀበቶው ወዳለበት አላስቀረበውም። ከ1919 እስከ 1926 የነገሠው ጃክ ዴምፕሲ ደግሞ ሃሪ ዊልስን አንድም ቀን ሳይገጥም ማዕረጉን አጣ። ተጋጣሚ ማጣትና ከተጋጣሚ መሸሽ እንዲህ ይለያያሉ። ማርሲያኖ ያገኘውን ተቀበለ፤ እነ ሱሊቫን በር ዘጉ። የመጀመሪያው ዕዳ የለበትም፣ ሁለተኞቹ አለባቸው።

የካቲት 1957 ካርቱም ላይ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተውና የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በዚያ ሳምንት፣ በዚያው ከተማ ነው። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የደረሳት ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እናሰልፋለን፣ አንቀላቅልም አሉ፤ ከውድድሩም ወጡ። ኢትዮጵያ ኳስ ሳትነካ ለፍጻሜ ደረሰች።

በመዝገብ ላይ ይህ ባዶ መስመር ነው፤ አንድ ጨዋታ በፎርፌ። ደንቡን ለጠበቀ ሰው ባዶነቱ አይካድም፤ የፍጻሜውም ውጤት የዝግጅቱን ልክ አሳይቷል። የካቲት 16 ቀን ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው መሐመድ ዲያብ አል-አጣር፣ በቅጽል ስሙ አድ-ዲባ ነው። (ይኸው ሰው በ1968 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ በዳኝነት መርቷል።) ሆኖም የካርቱሙ ባዶ መስመር ከሱሊቫን ባዶ መስመር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሱሊቫን ጥቁር አላስገባም አለ፤ ካርቱም ላይ የወጣው ጥቁርና ነጭ አላቀላቅልም ያለው ነው። በስፖርት ታሪክ ውስጥ ከተደረጉ ብዙ ጨዋታዎች ይልቅ ይህ ያልተደረገው ይበልጣል።

የ1959ኙ ውድድር ካይሮ ላይ በሦስት ቡድን ተካሄደ። ኢትዮጵያ በግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፈች። ይህን ይዞ ወደ 1962 መሄድ ያስፈልጋል፤ አራት ቡድን ብቻ የሚሉት ይህን ይዘልሉታልና።

በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ የተገኙት ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና ግብፅ ናቸው፤ ግብፅ በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ፍጻሜው ጥር 21 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ተደረገ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ግብፅ እስከዚያ ቀን የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች ሁለቱንም የወሰደች፣ በእነዚያ ውድድሮች አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈች፣ ኢትዮጵያንም ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የቀጣች አገር ናት። ባደዊ ሁለት ጊዜ ግብፅን መሪ አደረገ፤ ግርማ ተክሌና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ጋናና ናይጄሪያ በዚያ ውድድር አልነበሩም፤ እውነት ነው። ጋና ቀጣዮቹን ሁለት ዋንጫዎች በ1963ና በ1965 የወሰደች ስለሆነች ጎደሎው ቀላል አይደለም። ግን በር የዘጋባቸው የለም፤ ማጣሪያ ነበር። ኢትዮጵያም በአፍሪካ ዋንጫ ተሸንፎ የማያውቀውን ብቸኛ ሻምፒዮን ገጥማ ጣለች። በቦክስ ቋንቋ ቀበቶው የተወሰደው ከባለቤቱ ወገብ ነው።

የአዲስ አበባን ከፍታ የሚያነሡም አሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንግዳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በተለይ በጭማሪ ሰዓት። ከፍታው ብቻ ዋንጫ ቢሰጥ ግን በ1968 ኢትዮጵያ በዚያው ከተማ፣ በዚያው አየር፣ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አትሸነፍም ነበር።

ለመመዘን የሚያስቸግረው የሱዳን ዋንጫ ነው፤ ያ የ1962 ዓ.ም.፣ ማለትም የ1970ው። ምሥራቅ ካርቱም ባለው በአል-ጣኢፍ ሰፈር የሚኖር ሱዳናዊ ለሐበሻ ጎረቤቱ ሊያነሣበት የሚችል ዋንጫ ይኸው አንዱ ነው፤ ሲያነሣበትም የሚተርፈው ማስረጃ አለው። ስምንት ቡድን ተሰልፏል። ሱዳን በምድቧ በአይቮሪኮስት 1 ለ 0 ብትሸነፍም ኢትዮጵያን 3 ለ 0 አሸንፋ አለፈች፤ በግማሽ ፍጻሜ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1፣ በፍጻሜው ጋናን 1 ለ 0 ረታች። ጋና ለተከታታይ አራተኛ ጊዜ ፍጻሜ የደረሰችበት ውድድር ነበር። ኢትዮጵያ በዚያው ምድብ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፤ በአይቮሪኮስት 6 ለ 1 ስትረታ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነው። ተጋጣሚ በተጋጣሚ ቢመዘን የሱዳን ዋንጫ ከኢትዮጵያው ይከብዳል። ይህን ማለት አዲስ አበባ ውስጥ ወዳጅ አያፈራም፤ ሒሳቡ ግን ይኸው ነው።

ያልመጣ ተጋጣሚ ሲነሣ ምሩጽ ይፍጠርን ማለፍ አይቻልም። ማርሽ ቀያሪ የተባለው ሯጭ በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ 5,000ና 10,000 ሜትርን አሸነፈ፤ ኬንያ በቦይኮቱ ስላልነበረች የሁለቱም ርቀቶች ክብረ ወሰን ባለቤት ሄንሪ ሮኖ አልተሰለፈም። የምሩጽን ወርቅ በዚህ የሚያሳንሱ አሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን በ1976 ሞንትሪያል ላይ ላሴ ቪረን ሁለቱን ርቀቶች ሲወስድ ምሩጽ የት ነበር ብለው አይጠይቁም። ኢትዮጵያና ኬንያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ትተው ነበር፤ ምክንያቱም የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነው። ኮከብ ምልክት ከተደረገ በሁለቱም ላይ ይደረግ። ቪረን ሞስኮም ነበር፤ በ10,000ው አምስተኛ ወጣ።

ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ ተመልሳ በ1996 ዋንጫውን በሜዳዋ ወሰደች። የወቅቱ ሻምፒዮን ናይጄሪያ ግን በመንግሥታቱ ጠብ ምክንያት ቀረች፤ 16 ሊሆን የነበረው ቡድን 15 ሆነ። የደቡብ አፍሪካን ዋንጫ በዚህ የሚያጣጥል እምብዛም አይሰማም። ከ2019 ወዲህ ተሳታፊው 24 ደርሷል፤ ቁጥር ማብዛት ግን ተጋጣሚን ሁሉ አያከብድም።

በአነስተኛው ቁጥርም ተጋጣሚ ሊከብድ እንደሚችል የኢትዮጵያ የ2013 ጉዞ ያሳያል። ያለፈችው ሱዳንን ጥላ ነው፤ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፋ፣ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ከሜዳ ውጭ ባገባችው ብልጫ። ከ31 ዓመት በኋላ መመለሷ ነበር። ጥር 21፣ ከ1962ቱ ፍጻሜ 51 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ወጥቶባት ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፋ ከምድቡ መጨረሻ ሆና ተመለሰች። የዚያ ውድድር ፍጻሜ በናይጄሪያና በቡርኪና ፋሶ መካከል ነበር፤ ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸነፈች።