ጥርሱ ያላለቀ ጎማ

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ሊመስል ይችላል። እኛም ተራ መስሎን ነበር።

የአጥቢያችን ሚኒባስ እሑድ እሑድ አረጋውያንን ከየቤታቸው ያመጣል፤ ይመልሳል። ሌላውን ቀን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ መዘምራኑን ጭኖ ለአገልግሎት ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል። በጥቅምት 2018 ለዚሁ ጉዞ ስንዘጋጅ ሹፌራችን “ጎማዎቹ ይቀየሩ” አለ። ኮሚቴያችንም ለሁለት ተከፈለ።

“ጥርሱ እኮ ገና ነው!” አልን አንዳንዶቻችን። “መኪናው ከቆመበት ብዙም አይንቀሳቀስ። የአዳራሹ ቆርቆሮ እያፈሰሰ የመባ ገንዘብ ለጎማ ማውጣት አግባብ ነው?” ጥያቄው የክፋት አልነበረም። መባው ከድሆች እጅ ጭምር የመጣ ነውና በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ሹፌሩ ግን ወደ ግቢው ይዞን ወጣ። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሳየን፦ 3518። አንድ ወንድም “18 ማለት የዘንድሮ አይደል እንዴ?” ሲል አብዛኞቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጆች ነው። ጎማው የተሠራው በ2018 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ በነሐሴ 2010 መጨረሻ ነው። የዘንድሮ ያልነው ጎማ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር።

ጎማ የሚያረጀው በመሄድ ብቻ አይደለም። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፤ ያሰነጣጥቁታል። ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ላስቲኩ ውስጥ ሰም መሰል ነገር ይጨምራሉ። ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ መከላከያው ወደ ላይ እየወጣ ይሸፍነዋል። ቆሞ የሚከርም ጎማ ግን ይህን ጥበቃ በሚገባ አያገኝም። ነፋሱም ሳይታወቅ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ጎማ ሰው ሞልቶበት በፍጥነት ረጅም መንገድ ሲሄድ ይግላል፤ የላይኛው ላስቲክ ከውስጡ ሽቦ ሊላቀቅ ወይም ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ የሚነዳ መኪና ጎማው ረጅም ጊዜ ይቆያል ማለት፣ ጥርሱ ይቆያል ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ መቼ ይቀየር? አንዳንድ የመኪና አምራቾች የጥርሱ ሁኔታ ምንም ይሁን፣ ስድስት ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራሉ። ሚሽሊን በበኩሉ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አስር ዓመት ከሞላው ግን ደህና ቢመስልም እንዲቀየር ይመክራል። እኛ እነዚህን አይተን ለአጥቢያችን ሥርዓት አወጣን። ነፋሱ በየወሩ፣ ከረጅም ጉዞ በፊትም ይለካል። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ጎሚስታ ዘንድ ተፈትቶ በውስጥም በውጭም ይታያል። ስድስት ዓመት የሞላው ጎማ ሰው ጭኖ ከከተማ አይወጣም። ስንጥቅ ወይም እብጠት የታየበት ደግሞ ዕድሜው ሳይጠየቅ ይቀየራል። ሕጉ ቅያሪ ጎማውንም ይጨምራል፤ ያልተነካ ቢሆንም እርሱም ያረጃልና። አዲስ ስንገዛም እነዚያን አራት አሃዞች ሳናነብ ገንዘብ አንከፍልም፤ ሱቅ ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማም አለና።

በስብሰባው መካከል “ጌታ ይጠብቀናል” የሚል ቃልም ተነሥቶ ነበር። አሜን፣ ይጠብቀናል። ነገር ግን በዘዳግም 22 እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዘዋል። ጠባቂው ጌታ ራሱ መከታ ሥሩ ካለ፣ መከታውን መሥራት የእምነት ጉድለት አይደለም። ልጆቻቸውን አምነው ሚኒባሱ ላይ የሚያሳፍሩ እናቶች ጎማውን ጎንበስ ብለው አያዩም። የሚያዩላቸው እኛ መሆናችንን ተማምነው ነው።

ስለዚህ ጎማዎቹን ቀየርን። በጋው ስለገባ ቆርቆሮው ጥቂት ወራት መታገሥ ይችላል። ገንዘቡ ባይገኝ ኖሮም ጉዞውን እናራዝም ወይም ሌላ መኪና እንከራይ ነበር እንጂ፣ በነዚያ ጎማዎች አንወጣም ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀረ። አሮጌዎቹን ጎማዎች ሊገዛን የመጣ ሰው ነበር። “ጥርሳቸው ገና ነው፣ ለታክሲ ይሆናሉ” አለን። የሰጠን ዋጋ ለቆርቆሮው ግማሽ መንገድ ያደርሰን ነበርና ዝም ብለን ተያየን። ለእኛ ልጆች አይሆንም ያልነው ጎማ ለማናውቃቸው ልጆች እንዴት ይሆናል? ባልንጀራችን የሚሳፈርበትን ታክሲ ካላሰብን፣ ያደረግነው ጥንቃቄ ለራሳችን ብቻ የተሠራ መከታ ይሆናል። ስለዚህ ማንም መኪና ላይ እንዳይገጥማቸው በቢላ አስቀደድናቸው። አሁን በግቢያችን አፈር ተሞልተው ጎመን በቅለውባቸዋል።

ወገኖች፣ በየግቢያችሁ ቆሞ የሚውል መኪና ካለ፣ ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ እነዚያን አራት አሃዞች አንብቡ። በውጭ በኩል ካጣችኋቸው በውስጥ በኩል ፈልጉ፤ አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ይጻፋሉና።

ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ።