ድመቷም በውሉ ትግባ

ከዶርም ውጭ ቤት የምትከራዩ ወንድሞችና እህቶች የአከራይን ጥያቄዎች ታውቋቸዋላችሁ፦ ስንት ናችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? የምታበስሉት በምንድን ነው? መጨረሻ ላይ ደግሞ «ውሻም ድመትም አይገባም» ይባላል። ብዙዎቻችን ውሻ ለእኛ ስለማይሆን ክልከላውን ሳንከራከር እንቀበላለን። እኔ ግን ሁለቱ እንስሳት በአንድ ቃል መጠቅለላቸው ልክ አይደለም እላለሁ። አከራይ ድመትን ሊፈቅድ ይገባል፤ ውሻን ከተከራይ ክፍል ቢከለክል ግን አልፈርድበትም።

ለተግባር ልምምድ ወደ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ዓለም ከተማ የወጣ ተማሪ የሚያገኘው ክፍል ብዙውን ጊዜ የጭቃ ግድግዳና የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው ሰርቪስ ቤት ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ኮርኒሱ ላይ ሩጫው ይጀመራል። ከቤት የመጣው በሶ ይቦረቦራል፣ ደብተር ይበላል። የአይጥ መርዝ መበተን አለ፤ ግን ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ መርዝ መርጨት ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አከራዮቹ ራሳቸው እህላቸውን የሚያስጠብቁት በድመት ነው። ለእነሱ ጎተራ የሚጠቅም እንስሳ ለእኛ ክፍል ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

በዲናችን በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ የተዘጋጀላቸውን ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ተገርማ ስታያቸው ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በየቤታችን ከሚመላለሱት አንዷ እንደሆነች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን ነገሯት። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለዚህ ሰላት መስገጃችን ላይ ድመት ተኛች ብሎ የሚጨነቅ ካለ ይረጋጋ።

ግን የአከራዮችንም ወገን እንስማ። አንዱ ስሞታ ጫጩት ነው፤ ደሞ እውነት ነው፣ ጫጩት የለመደች ድመት ግቢ ታምሳለች። ይህ ዋጋውን በመክፈል ያልቃል። ከባዱ ሌላው ነው። ተማሪ ጥቅምት ላይ ግልገል ድመት ያመጣል፣ ስም ያወጣላታል፣ ፎቶ ያነሳታል። ሰኔ ላይ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኬሚሴ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት መኪና ይሳፈራል፣ ድመቷ በተቆለፈ በር ፊት ትቀራለች። ከዚያ በኋላ የምትጮኸው በአከራይ ደጃፍ ነው። ድመት አስራ ሳትመግባት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት በገደለቻት ሴት ላይ የወረደውን ቅጣት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። የሚሰማውን ግን ከጎረቤት ሴትዮ ጋር እንጂ ከራሳችን ክፍል ጋር አናያይዘውም። በዚህ ጉዳይ አከራዮቹ ከእኛ የተሻለ ተከራክረዋል፤ ሐዲሱን ሳይጠቅሱ።

ወደ ውሻ ስንመጣ ሚዛኑ ይለወጣል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ፈቅደዋል፤ ያለዚያ የሚያኖር ሰው በየቀኑ ከአጅሩ ቂራጥ ይቀነስበታል። በመንዝ ደጋ በጉን የሚጠብቅ ገበሬ ውሻ ቢይዝ ማንም አይወቅሰውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ለጨዋታ የሚታሰር ውሻ ግን ለእንስሳውም አይመችም። በግቢው ያለው የአከራዩ ውሻስ? እሱ የግቢው ጠባቂ ነው፤ ይነሳልን ማለት አንችልም። ነገር ግን ከመከራየታችን በፊት ሊነገረን፣ ቢያንስ ሰው በሚወጣና በሚገባበት ሰዓት ሊታሰር ይገባል። በሻፊዒይ መዝሀብ እርጥብ አፉ የነካውን ልብስ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ግድ ነው፤ ይህንን በመንዝ ብርድ ከሱብሂ በፊት የሞከረ ያውቀዋል። (ደረቅ ከደረቅ ቢነካካ ነጃሳ አይተላለፍም፤ ውሻ ባጠገባችን ባለፈ ቁጥር መዝለልና ድንጋይ ማንሳት ከዲን አይደለም።)

ክትባቱን ግን ሁሉም ይጠይቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ድመትንም ይይዛል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጉዳቱ በሰው አያበቃም። ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቀው በጓሳ ጥብቅ ቦታ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 በታች ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው ይኸው በሽታ ነው፣ የመጣባቸውም ከመንደር ውሾች ነው። ያልተከተበ ውሻ የሚለቅ አከራይ የሚጎዳው ተከራዩን ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የእኛ ኪራይ ግን አሁንም ባመዛኙ በቃል ነው፤ ጠቡም ከዚያ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ እንስሳው አምልጦ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ አከራይ የሚፈራውን ሕጉ አስቀድሞ በተከራይ ትከሻ ላይ ጭኖለታል፤ ጨርሶ መከልከል ለምን ያስፈልገዋል? በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አንድ ድመት ብቻ እንደተፈቀደች፣ መከተቧን፣ ለጠፋ ጫጩትና ለተበላሸ ዕቃ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። አከራይ ይህንንም አልፈልግም ካለ ቤቱ የሱ ነው፤ ሙስሊም የገባበትን ስምምነት ያከብራልና ድመቷን በጃኬት ሸፍኖ በማታ ማስገባት አይቻልም፤ ሌላ ቤት እንፈልግ።

አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ሰኔ ላይ ድመቷን የሚረከበው ሰው ስምና ፊርማ። ፈራሚ ያላገኘ ተማሪ ጥቅምት ላይ ግልገል አያምጣ።