ፎቶግራፍ ገና መዝገብ አይደለም

ኩልፎ ከጉጌ ተራሮች ወርዶ በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ የሚያልፍ፣ ኋላም ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ስለ መዝገብ አያያዝ ልንነጋገር ወንዝ ማንሣታችን፣ አንባቢ ሆይ፣ አያስገርምህ፤ ወንዝም እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ አለው። በአገራችን ወንዞች ዳር ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ይተከላል፤ ተመልካቹም ጧትና ማታ ውኃው የደረሰበትን ልክ አይቶ በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ፣ መስኖ የሚያወጣው ባለሙያ፣ ጎርፍ የሚያሠጋው የሙዝ ገበሬ ሁሉ የሚተማመኑት በዚያ ወረቀት ነው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከግቢዎቹ አንዱን በዚሁ ወንዝ ስም መሰየሙ ያለ ነገር አይመስለኝም።

ዛሬ ተማሪውም ጸሐፊውም ስልኩን አውጥቶ ወረቀቱን ፎቶግራፍ ያነሣና «መዝገቡን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባሁት» ይላል። ነገር ግን ያስገባው የወረቀቱን ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕል አይደመርም፣ አይካፈልም። ከሥዕሉ ላይ ፊደሉንና ቁጥሩን አንብቦ የሚያወጣ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህም ኦ.ሲ.አር. ይባላል። በነጻ የሚገኘው ቴሴራክት አማርኛም ያነባል። ይሁን እንጂ የሚያነበው የታተመውን ነው እንጂ፣ በእጅ የተጻፈው፣ ቀለሙ የደበዘዘው፣ ሠንጠረዡ የተጣመመው ወረቀት ያሳስተዋል።

ስሕተቱ ጉልህ ሲሆን ጉዳት የለውም። 1.25 ሜትር የነበረው ነጥቡ ጠፍቶ 125 ቢሆን ማንም ያየዋል። የሚያስፈራው እውነት የሚመስለው ስሕተት ነው፤ 1.25 የነበረው 1.75 ሲሆን ማን ይጠረጥራል?

ከሁሉ የከፋው ግን ባዶውን ሣጥን ዜሮ ማድረግ ነው። በፈተና ዜሮ ያገኘ ተማሪና ለፈተናው ያልቀረበ ተማሪ አንድ አይደሉም፤ ይህን እኛ መምህራን በየሴሚስተሩ እናየዋለን። ዝናብ ያልዘነበበት ቀንና ተመልካቹ ታሞ ያልለካበት ቀንም እንዲሁ ይለያያሉ። ባዶውን በዜሮ ብትሞላው ዝናብ የነበረበትን ወር ድርቅ አደረግኸው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ዜሮውን የላቲን «ኦ» አድርጎ ካነበበው፣ ኤክሴል ያን ሣጥን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረውና ሲደምር አንዳች ሳይናገር ይዘለዋል። ምልክቱን ግን ልንገርህ፦ አሰላለፉን ካልለወጥኸው በቀር፣ ቁጥር በሣጥኑ ቀኝ፣ ጽሑፍ በግራ ይሰለፋል። ቀኑንም ተጠንቀቅ። ጥቅምት 30 ቀን 2010ን 30/2/2010 ብለህ ብትጽፍ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አይቀበልህም። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዐምድ ለያይተህ ጻፍ።

እንግዲህ ሥራህን በዚህ መንገድ አድርግ። ወረቀቱን ዘርግተህ፣ ጥላህ ሳያርፍበት፣ ከላይ ቀጥ ብለህ አንሣ። ፕሮግራሙ ያወጣልህን እንደ ረቂቅ ቁጠረው። የመስመሩን ብዛት ከቀኖቹ ጋር አስተያይ፤ የአገራችን ወር 30 ቀን ነውና 29 መስመር ካገኘህ አንዱ ጠፍቷል። በወረቀቱ ግርጌ ድምር ካለ ከአንተ ድምር ጋር አመሳክር፤ ቢለያይ ወደ ኋላ ተመለስ። ከዚያም አንድ ባልደረባህ ከወረቀቱ ጮኾ ያንብብልህ፣ አንተ ሠንጠረዡን ተከተል። ያልተነበበውን በግምት አትሙላ፤ «አይነበብም» ብለህ ጻፍበት። ፎቶግራፉንም አትጣለው፤ ነገ የሚጠራጠር ሰው የሚፈርድበት ምስክር እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከመዝገብ የፈሰሰ ቁጥር ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም፤ በላዩ ድልድይ ይሠራበታል፣ በጀት ይቈረጥበታል፣ የሰው ደመወዝ ይሰላበታል። ተመልካቹ በጭቃና በዝናብ ወንዝ ወርዶ በታማኝነት የጻፈውን፣ እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ልናበላሸው አይገባም።